ሠራተኛው የድርጅቱ ባለድርሻ ቢሆንስ? ያነሳሁት ሐሳብና የመጡት 19 ምላሾች

ባለፈው ሰኞ ከሌሊት ሺፍት ስመለስ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ነጭ ፖስታ አገኘሁ። በዓመት አንዴ የሚመጣ ነው። ውስጡ አንድ ገጽ አለ። ስሜ፣ በስሜ የተያዘው የአክሲዮን ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ድምሩ። ከሥር ደግሞ ከዚህ ውስጥ ስንት በመቶው በእርግጥ የእኔ እንደሆነ ተጽፏል። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መቶ በመቶ ይላል። ጫማዬን ሳላወልቅ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የኢንተርኔት መወያያ መድረካችን ላይ ገብቼ ጻፍኩ።

ያልኩት ይህን ነው። እዚህ አሜሪካ የምሠራበት ዌርሃውስ የሠራተኞቹ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ስቀጠር ይህን አላወቅሁም። ኤች አር ቢሮ ፈርም ያሉኝን ሁሉ ፈርሜ ወጣሁ። ከደሞዜ አንድም ዶላር አልተቆረጠም፤ ግን በየዓመቱ በስሜ አክሲዮን ይገባል። አሠራሩ ኢሶፕ ይባላል። ድርጅቱ የአደራ ፈንድ ያቋቁማል። ፈንዱ ተበድሮ ከባለቤቱ አክሲዮን ይገዛል። ብድሩን ድርጅቱ ከትርፉ ይከፍላል። ዕዳው በቀነሰ ቁጥር አክሲዮኑ ወደ ሠራተኞቹ ስም ይዞራል።

ሐሳቡን ያመነጨው ሉዊስ ኬልሶ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ጠበቃ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1956 ፓሎ አልቶ ውስጥ የአንድ ጋዜጣ ድርጅትን ለሠራተኞቹ አስገዛ። በ1974 ደግሞ የሉዊዚያናው ሴናተር ረስል ሎንግ ገፍቶበት ሕግ ውስጥ ገባ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከ6 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ፕላኖች አሉ። በሠራተኞቻቸው ከተያዙት ድርጅቶች ትልቁ የፍሎሪዳው ሱፐርማርኬት ፐብሊክስ ነው፤ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይሠራበታል።

መደምደሚያዬ ደፈር ያለ ነበር። በዚህ አገር ካለው አክሲዮን ወደ 90 በመቶ የሚሆነው በሀብታሞቹ አሥር በመቶ እጅ ነው። ደሞዝ ወር ሳይደርስ ያልቃል፤ ሀብት የሚወልደው የያዙት ንብረት ነው። ስለዚህ ልዩነቱ የሚጠበው ሠራተኛው ድርሻ ሲኖረው ነው አልኩ። አገር ቤትስ ለምን አይሞከርም ብዬ ጠየቅሁ። ክሩ፣ ማለትም የምላሾቹ ሰንሰለት፣ አራት ቀን ቆየ። ከመሃል ለገባችሁ በተራ ልተርከው።

1ኛ። ከሚኒሶታ የጻፈ ወንድም እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ጠየቀ፤ ገንዘቡን አሁን አውጥቼ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ማድረግ እችል እንደሆነ። አልችልም። የሚከፈለኝ ሥራ ስለቅ ወይም ጡረታ ስወጣ ነው። ከጡረታ በፊት ከለቀቅሁ ዓመታት ሊያስጠብቀኝ ይችላል። በወጣትነቴ በእጄ ከተቀበልኩት ከታክሱ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት አለበት። ወደ ሌላ የጡረታ ሒሳብ ካዛወርኩት ግን ቅጣቱ ይቀራል። ይህን መጀመሪያውኑ መጻፍ ነበረብኝ።

2ኛ። ይህ ልቤን ነካው። ቨርጂኒያ የሚኖር ሾፌር ነው። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ሆኖ፣ ከንጋቱ 10 ሰዓት ላይ የጻፈው። እኔን ዕድለኛ ብሎኝ፣ ከእኛ ሰው ውስጥ ቀጣሪ ያለው ስንቱ እንደሆነ ጠየቀ። አንዱ በስልክ አፕ ይነዳል። አንዱ ፓርኪንግ ያድራል። አንዷ በኤጀንሲ በኩል አረጋዊ ትጠብቃለች። አፑ ሾፌሩን እንደ ሠራተኛ እንኳ አይቆጥረውም፤ ታዲያ ድርሻውን ማን ይሰጠዋል? ጎማው፣ ኢንሹራንሱ፣ ዘይቱ የእሱ ነው። የጻፍኩት ነገር ውስጥ የእሱ ቦታ የት እንደሆነ እንድነግረው ፈለገ። መልስ አልነበረኝም።

3ኛ። መልሱ ከዴንቨር መጣ። እዚያ ሾፌሮች ራሳቸው የታክሲ ድርጅት አቋቁመዋል። በ2009 መንገድ ላይ የወጣው ዩኒየን ታክሲ የሾፌሮቹ ነበር፤ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ የሄዱ ናቸው። በኋላ ግሪን ታክሲ ተጨመረ፤ እሱም ወደ 800 አባላት ያሉት የኅብረት ሥራ ማህበር ሆነ። ጸሐፊው ያኔ መዋጮውን የከፈለው ከዕቁብ በደረሰው ብር ነው። ነገር ግን ማህበሩ በእግሩ ሲቆም አፖቹ ገበያውን እንደበሉባቸው አልደበቀም። ባለቤት ሆኖም ገቢው ቀነሰ። ይህን እንደ ማማረር አልጻፈውም። አባላቱ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁን እጅ አውጥተው ይጠይቁት እንደነበር ሲተርክ ኩራቱ ይታያል።

4ኛ። ሜሪላንድ ያለች የሒሳብ ባለሙያ በትህትና አረመችኝ። አንደኛ፣ አክሲዮኑ ብዙ ጊዜ የሚከፋፈለው በደሞዝ ልክ ነው። አለቃዬ የእኔን ሦስት እጥፍ የሚያገኝ ከሆነ ድርሻውም ሦስት እጥፍ ይገባለታል። ከውጭ ያለውን ልዩነት ሲያጠብ ከውስጥ ያለውን እንዳለ ይተወዋል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ባለቤት ነኝ ያልኩት ቃል ይስተካከል አለች። የአክሲዮን ገበያ ላይ ባልወጣ ድርጅት ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው በአብዛኛው የፈንዱ ባለአደራ ነው። ሠራተኛው የሚጠየቀው ድርጅቱ ሲሸጥ ወይም ከሌላ ጋር ሲዋሃድ፣ እንዲህ ባለው ትልቅ ነገር ላይ ነው። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በሰባት ዓመት ውስጥ ስለ ምንም ነገር ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም።

5ኛ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ተካረረ። ሂውስተን የኖረ ሰው የከሰረውን የኢነርጂ ድርጅት ኤንሮንን አነሳ። ሰው ታሳስታለህ ብሎ በቀጥታ ወረደብኝ። የኤንሮን ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባቸውን ከግማሽ በላይ በድርጅቱ አክሲዮን አስቀምጠው ነበር። በ2000 አንዱ አክሲዮን 90 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በ2001 መጨረሻ ከ1 ዶላር በታች ወረደ። ዋጋው ሲወርድ ደግሞ የፕላኑ አስተዳዳሪ እየተቀየረ ነው ተብሎ ሠራተኛው ለሳምንታት መሸጥ አልቻለም። ጎረቤቱ እዚያ ትሠራ ነበር። በአንድ ሳምንት ሥራዋንም ጡረታዋንም አጣች። የእሱ ጥያቄ ከባድ ነው፤ ደሞዝህም ጥሪትህም ከአንድ በር የሚመጣ ከሆነ፣ በሩ ሲዘጋ ምን ይቀርሃል?

6ኛ። የሒሳብ ባለሙያዋ ተመለሰች። የኤንሮን ጉዳት በዋናነት በ401ኬ፣ ሠራተኛው ከደሞዙ በሚቆጥብበት የጡረታ ሒሳብ፣ በኩል የደረሰ ስለሆነ ከኢሶፕ ጋር አንድ አይደለም አለች። ግን የሂውስተኑ ሰው ስጋት ትክክል እንደሆነ አመነች። በሕጉ መሠረት 55 ዓመት የሞላውና በፕላኑ 10 ዓመት የቆየ ሰው የድርሻውን 25 በመቶ ወደ ሌላ ኢንቨስትመንት ማዞር ይችላል። ከዓመታት በኋላ 50 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ ዕድሜ በታች ያለው ግን እዚያው ተቀምጦ መጸለይ ነው። እኔ 41 ዓመቴ ነው።

7ኛ። አንዲት እህት የአጎቷን ታሪክ ጻፈች። ደለስ ኤርፖርት ላይ ለዩናይትድ አየር መንገድ ሻንጣ ይጭን ነበር። በ1994 የዩናይትድ ሠራተኞች 55 በመቶውን ድርሻ ያዙ። በነጻ አልነበረም፤ ደሞዛቸውን አስቀንሰው ነው። የበረራ አስተናጋጆቹ አንገባም ብለው ቀሩ። አጎቷ ግን አምኖበት ነበር። እንግዳ ሲመጣ የአየር መንገዱ ባለቤት ነኝ እያለ ያስቅ ነበር። ዩናይትድ በታኅሣሥ 2002 ኪሳራ አወጀ። አክሲዮኑ ወረቀት ሆኖ ቀረ። አጎቷ የመጀመሪያውን የአክሲዮን መግለጫ እስካሁን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ እንዳስቀመጠው ጽፋለች። ለምን እንዳስቀመጠው ጠይቃው አታውቅም።

8ኛ። እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። የሂውስተኑን ሰው አመሰገንኩት፤ ቢቆጣም ያለው እውነት ነው። መነሻ ጽሑፌንም አስተካከልኩ። ድርሻ ከደሞዝ ላይ ሲጨመር አንድ ነገር ነው፤ በደሞዝ ፋንታ ሲሰጥ ሌላ ነገር ነው። ዩናይትድ ሁለተኛው ነበር። እኔ ጋ ደሞዙም አልተነካም፣ ከኢሶፑ ሌላ 401ኬም አለ። ይህ ባይኖር ወረቀቱን ደስ ብሎኝ አላነበውም ነበር። ማንም ኢሶፕ ያለው ቦታ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ይሁን።

9ኛ። ከኢሊኖይ የመጣው ምላሽ መንፈሳችንን መለሰው። አርተር በምትባል ትንሽ ከተማ የጋራዥ በር የሚሠራ ሲኤችአይ የሚባል ፋብሪካ አለ። ኬኬአር የሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት በ2015 ገዛው፤ ለሠራተኞቹም ድርሻ ሰጠ። በ2022 ለብረት አምራቹ ኑኮር ሲሸጥ 800ው ሠራተኞች ተካፈሉ። በሰዓት የሚከፈላቸውና የጭነት መኪና ሾፌሮቹ በአማካይ 175 ሺህ ዶላር ደረሳቸው። ጸሐፊው እዚያ ባይሠራም አብሮት የሚያመልክ ሰው ከተቀባዮቹ አንዱ ነው። ሰውየው በማግሥቱ በሰዓቱ ሥራ ገባ። የሂውስተኑ ሰው ወዲያው ከሥር ገብቶ ኬኬአር ያስገባውን ወደ አሥር እጥፍ አድርጎ እንዳወጣ አስታወሰን። ሁለቱም እውነት ነው። ግን እንዲህ ያለ ገንዘብ ሠራተኛ ቤት ሲገባ ምን እንደሚለውጥ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእኛ ጋር ከ20 ዓመት በላይ ፎርክሊፍት የነዳ ባልደረባዬ ባለፈው ዓመት ጡረታ ሲወጣ የቤቱን ዕዳ ዘግቶ ነው የወጣው። በስንብቱ ቀን ኬኩን የቆረጠው በሳጥን መክፈቻ ቢላው ነው።

10ኛ። አንዲት እናት ግን አዘነች። እሷም ኢሶፕ ያለው ቦታ ሠርታለች። ልጇ ታመመባትና ሦስተኛ ዓመቷን ሳትሞላ ለቀቀች። የእሷ ድርጅት ደንብ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ዜሮ፣ ሲሞላ መቶ በመቶ ነው። ሌሎች ድርጅቶች ከሁለተኛው ዓመት ጀምረው በየዓመቱ 20 በመቶ እየጨመሩ ስድስት ዓመት ላይ ይሞላሉ፤ እኔ እንደዚያ ነኝ። እሷ ሁለት ወር ነበር የቀራት። የነገራት ሰው የለም። በስሟ የነበረው አክሲዮን ተመልሶ ለቀሩት ተከፋፈለ። የእሷን ካነበብኩ በኋላ የራሴን የፕላን ደንብ ከመሳቢያ አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እናንተም አንብቡ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ መድረኩ ላይ ጠይቁ፤ የሚያስረዳ አይጠፋም።

11ኛ። ከክሩ ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሽ ሬጅስተር ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። በ2017 በእኛ አቆጣጠር ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር ማለት ነው። በስልኳ ቴሌብር ከፍታ አየችውና ዘጋችው። የሁለት ወር ደሞዟ አይሞላውም። ከ100 ሚሊዮኑ አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ሲሆን የገዙት 47,377 ሰዎች ናቸው። በሩ ለሁሉም ተከፍቷል ተባለ፤ የገባው ግን ትርፍ ብር ያለው ነው። ስለዚህ ከጻፍኩት ሁሉ እሷን የገረማት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ከኪሱ አለማውጣቱ። ብድሩን ድርጅቱ መሸከሙ። እዚህ ማን ያበድራል፣ ዋስትናውስ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች።

እኔ ሰባት ዓመት ስቀበለው የኖርኩትን ነገር ልቡን ያገኘችው እሷ ናት። ቁጠባ የሌለው ሰው አክሲዮን የሚኖረው አንድ ሌላ አካል ቀድሞ ከተበደረለት ነው። ያለዚያ የአክሲዮን ገበያ ተከፈተ ብንልም ያለው ይጨምራል፣ የሌለው ያያል።

12ኛ። አንድ አባት ረጅም ጽሑፍ ጻፉ። በ1967 ዓ.ም. በ19 ዓመታቸው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈታይ ነበሩ። አንድ ቀን ፊሽካው ያለሰዓቱ ተነፋ። ሁሉም አዳራሽ ገባ። ፋብሪካው የሕዝብ መሆኑ ተነገረ፤ ተጨበጨበ። በማግሥቱ ያው ማሽን፣ ያው ደሞዝ፣ ያው ቡና ቤት። አንድ ጓደኛቸው ትርፉ የት እንደሚገባ በስብሰባ ላይ ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቀም። ስለ ጓደኛቸው ሌላ አልጻፉም። ለእሳቸው መለኪያው ቀላል ነው። ሠራተኛው ደብተሩን አሳዩኝ ብሎ ጠይቆ በሰላም ቤቱ ከገባ፣ ድርሻ አለው። ካልሆነ የለውም። ከዚያ ስለ ፋብሪካው ምሳ ቤትና ስለ ሽሮው ጻፉ፤ እሱን ሳነብ ራበኝ።

13ኛ። አንድ ልጅ እሳቸውን የመሳፍንት ናፋቂ አላቸው። ምንም አላነበበም ማለት ነው። ሌላው እሱን ሰደበው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ መሬት ላራሹ፣ ትርፍ ቤት፣ የማን አባት ምን ነበረው ሆነ።

14ኛ። አወያዩ ሁለት መልእክት አጠፋ። በዕድሜ የገፋ ሰው የኖረውን ሲናገር እንድንሰማ ጠየቀ። ልጁ ይቅርታ አልጠየቀም፤ አባታችን ግን ምንም እንዳልተፈጠረ የማህበራቸውን መዋጮ ደረሰኝ አሁንም እንደያዙ ጽፈው ወጡ።

15ኛ። አንዱ ነገሩን ወደ ባንክ አክሲዮን ወሰደው። በምሥረታ ላይ ለነበረ ባንክ ገንዘብ ከፍሎ ባንኩ ሳይከፈት ቀረ። ብሩ ሲመለስለት የመግዛት አቅሙ ቀልጦ ነበር። አክሲዮን የሚለውን ቃል ሲሰማ ያመዋል። ከርዕሱ ትንሽ ይርቃል፤ ግን ስንት ሰው እንዲህ ተቃጥሏል። ሠራተኛውን ባለድርሻ እናድርግ የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ቁስል ማወቅ አለበት።

16ኛ። ከስቶክሆልም የጻፈው ሰው ስዊድኖች በሕግ ሞክረውት እንደነበር አስታወሰ። እንደ ፈረንጆቹ በ1976 ሩዶልፍ ሜይድነር የሚባል የሠራተኛ ማህበር ኢኮኖሚስት፣ ትልልቅ ድርጅቶች በየዓመቱ ከትርፋቸው 20 በመቶውን የሚያህል አዲስ አክሲዮን ለሠራተኞች ፈንድ እንዲያወጡ አቀደ። ተዳክሞ በ1984 ተጀመረ። ባለሀብቶች ሰልፍ ወጡበት፤ መንግሥት ሲቀየር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈረሰ። ስፔን ውስጥ ባስክ ያለው የኅብረት ሥራ ማህበራት ስብስብ ሞንድራጎን ግን በ1956 ተጀምሮ ዛሬም ቆሟል። የመጀመሪያው ፋብሪካ በአንድ ካህን ተማሪዎች የተቋቋመ ነው። አለቃው ከዝቅተኛው ተከፋይ በአማካይ ከስድስት እጥፍ አይበልጥም። በ2013 ፋጎር የሚባለው የማብሰያና የማጠቢያ ማሽን ሠሪው ሲከስር፣ ብዙ ሠራተኞች እህት ማህበራት ውስጥ ተመደቡ። የሂውስተኑ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደደው። በሩ ሲዘጋ ሌላ በር አለ ማለት ነው።

17ኛ። ሦስተኛው ቀን ማታ፣ ነገሩ ያለቀ ሲመስለን፣ አዲስ አበባ ዳቦ ቤት ያላቸው ሰው ገቡ። ዕድሜያቸው 68 ነው። 19 ሠራተኞች አሏቸው። ልጆቻቸው ካናዳ ናቸው፤ ዳቦ መጋገር አይፈልጉም። አንድ ገዢ መጥቷል፤ የሚፈልገው ግን ቦታውን እንጂ ምድጃውን አይደለም። ዋና ጋጋሪው ከእሳቸው ጋር 23 ዓመት ሠርቷል። ሊጡን በክርኑ እየነካ መድረሱን የሚያውቅ ሰው ነው። ለሠራተኞቹ መሸጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ገንዘብ እንደሌላቸው ያውቃሉ።

18ኛ። ክሩ ወዲያው ተለወጠ። የሚሳደብ ጠፋ። የሒሳብ ባለሙያዋ ወረቀት ይዘው እንዲቀመጡ ነግራቸው ትጠይቅ ጀመር። የዳቦ ቤቱ ሥራና ቤቱ ተለይተው ይገመቱ። የሦስት ዓመት ሒሳብ በውጭ ኦዲተር ይታይ። ባንክ ካላበደረ እሳቸው ራሳቸው አበዳሪ ይሁኑ፤ ዋጋውን ከዳቦው ትርፍ በየወሩ ለዓመታት ይቀበሉ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጠበቃ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር እስከ 50 አባል መያዝ እንደሚችል ጨመረ፤ 19ኙ ይገባሉ። ካሸሯ ልጅ ደግሞ ሁሉም የዘለለውን አነሳች። የሚለቅ ሠራተኛ ድርሻው እንዴት ይከፈላል? አዲስ የሚቀጠረውስ መቼ ይገባል? ካልተጻፈ በአምስት ዓመት ውስጥ አሥሩ ባለቤት፣ አሥሩ ቅጥረኛ ይሆናሉ። እናትየዋ የሦስት ዓመቱን ደንብ አታድርጉ ብላ ለመነች። አባታችን ተመልሰው ደብተሩ በየወሩ ለሁሉም ይነበብ አሉ። የዴንቨሩ ሰው የታክሲ ማህበሩን መተዳደሪያ ደንብ ፈልጎ እንደሚልክ ቃል ገባ።

19ኛ። ትናንት የዳቦ ቤቱ ባለቤት ተመለሱ። ለዋና ጋጋሪው ነግረውታል። ዱቄት የነካ እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣ ቁጭ ብሎ፣ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የዱቄቱ ዋጋ እንደ አምናው ቢጨምር በዚያ ወር ዕዳው እንዴት እንደሚከፈል። ባለቤቱ ያኔ ሌሎቹን 18 ጠሩ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁለተኛው ምድጃ ከጠፋ በኋላ፣ ደብተሩን ይዘው ይሰበሰባሉ።